ድንኳኑ በዳቦ ቤቱ ፊት

ሰው ሲያወራ መስማት እንጂ ራሴ ማውራት አይሆንልኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ አገናኝ ነበርኩ። ሰውን ከሰው አገናኝቶ መስመሩን መልቀቅ ነው ሥራው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የገባሁበት ይህ ሥራ ከጠባዬ ጋር ስለተስማማ በዚያው አረጀሁ። ባለቤቴ ካረፈና ልጄም አግብታ መካኒሳ አቦ ከገባች ወዲህ ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ግቢዬ ብቻዬን እኖራለሁ። በሬን አንኳኩቶ የሚገባ ሰው ብዙ አልነበረም፤ እኔም የማንንም በር አላንኳኳም ነበር።

ከሰፈሩ ጋር የሚያገናኘኝ የዕድሩ ዕቃ ነው። የሰርቪስ ቤቴ በር ጠንካራ ስለሆነ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች እኔ ዘንድ ይቀመጣሉ። ሰው ሲሞት ቁልፍ ይዤ እወጣለሁ፣ ሐዘኑ ሲያበቃ መልሼ እረከባለሁ። የእኛ ዕድር ድንኳኑን ለሰርግ አይሰጥም። አንድ ጊዜ በአንድ ሰርግ ላይ ተቀድዶ ትልቅ ጭቅጭቅ ስለተነሳ፣ የዕድሩ ዳኛ ሻምበል ተፈራ «ከእንግዲህ ለሞት ብቻ!» ብለው ወሰኑ። ስለዚህ በሰፈራችን ያ አረንጓዴ ሸራ ቆሞ የታየ እንደሆነ ማን ሞተ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ምን ተፈጠረ ተብሎ አይጠየቅም።

እንግዲህ በአንድ ክረምት በከተማው ግርግር ተነሳ። ስለ መነሻው ሰው ሁሉ የየራሱን ስለሚናገር እኔ አልገባበትም። የእኛ ሰፈር ሰዎች በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። የማናውቃቸው ወጣቶች በዋናው መንገድ ሲሮጡ፣ ተኩስ ሲተኮስ፣ ጎማ ሲቃጠል በድምፁና በጠረኑ እናውቃለን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሸተተን ግን ጎማ አልነበረም። የማርቆስ ዳቦ ቤት ነበር የሚቃጠለው።

ማርቆስ የሆሳዕና ሰው ነው። ከባለቤቱ ከአማረች ጋር መጥተው መጀመሪያ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ብሎኬት ሠርተው ዳቦ ቤት አደረጓት። ጴንጤ ነው፤ ዳቦውን ሲሰጠኝ «ጌታ ይባርክዎ እትዬ ዘነበች» ይለኛል። እኔም «አሜን» ብዬ እሄዳለሁ። ወሬያችን ይኸው ነበር። ያን ቀን ቤቱ ሲያያዝ የሊጥ ማቡኪያውን ማሽን ላውጣ ብሎ ገባ። ማሽኑ አልወጣም፤ እሱን ሰዎች ጎትተው አወጡት። ሁለት እጁና አንገቱ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገባ።

ግርግሩ ከበረደ በኋላ የሆነው ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። አማረች ቤት የሄደ ጎረቤት አልነበረም። ክፋት አይደለም። ሰው ሲሞት የምናደርገውን እናውቃለን፤ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንሄዳለን፣ «እግዜር ያጥናችሁ» እንላለን፣ እንቀመጣለን። ሰው ሲታመም «እግዜር ይማርህ» እንላለን። ማርቆስ ያለበት የቃጠሎ ክፍል ግን ቁስሉ እንዳይመረዝ ተብሎ ከሚስቱ በቀር ሰው አይገባበትም። ደጃፏ ላይ ዳቦ ቤቷ ለተቃጠለባት ሴት ደግሞ ምን ይባላል? «እንኳን ተረፋችሁ» እንዳንል ባሏ በሞትና በሕይወት መካከል ነው። «እግዜር ያጥናሽ» እንዳንል አልሞተ። በዚያ ላይ ጊዜው መጥፎ ስለነበር እዚህ ቤት የገባ ከእነ እንትና ወገነ ተብሎ ሊወራበት ይችላል። ሁሉም ሌላው ሲሄድ እሄዳለሁ እያለ ቀረ።

አማረችም በሯን ዘጋች። በማለዳ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትገባለች፣ ማንንም ቀና ብላ አታይም። ዕቃዋን ጠቅልላ ልጆቿን ይዛ ሆሳዕና ልትገባ ነው፣ አይሱዙም ተነጋግራለች የሚል ወሬ መጣ። ማርቆስ ትንፋሹ እየደከመ ነው የሚል ሌላ ወሬ ተከተለ። የትኛውንም ሄዶ ያረጋገጠ አልነበረም።

እንዲህ ባለንበት ሰሞን አንዲት ወጣት ሴት ሁለት ተማሪዎች አስከትላ በሬን አንኳኳች። ከሰፈራችን በላይ ካለው ዩኒቨርሲቲ መምጣቷን፣ ግንባታ የምታስተምር መሆኗን፣ ስሟም ሰብለ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የነበረን ጉርብትና የአጥር ነበር። ተማሪዎቹ በደጃችን ሲያልፉ ይጮኻሉ፤ እኛ እናጉረመርማለን።

«እማማ፣ የዕድሩ ድንኳን እርስዎ ጋ ነው ብለውን ነው የመጣነው» አለችኝ።

«ማን ሞተባችሁ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። የጋሽ ማርቆስን ዳቦ ቤት ልንሠራ አስበናል። ፍርስራሹን እናነሳለን፣ ግድግዳውን ተማሪዎቼ ይገነባሉ። ዩኒቨርሲቲው ብሎኬትና ሲሚንቶ ፈቅዷል። ዝናቡ ግን አላስቆም አለን፤ ሲሚንቶውን የምናስቀምጥበትና ልጆቹ የሚበሉበት ጥላ ያስፈልገናል።»

አንደኛው ተማሪ ጣልቃ ገብቶ «ማዘር፣ የእሱን ዳቦ በሻይ ነው እኮ ዲግሪ የያዝነው» አለ።

«ገና አልያዝክም» አለችው ሰብለ።

ሳቅ አልኩ መሰለኝ። ድንኳኑ ለሞት ብቻ መሆኑን ነገርኳት። እሷም አልተከራከረችም፤ «ገባኝ እማማ» ብላ ልትሄድ ዞረች። ክርክር ብታነሳ እምቢ እላት ነበር። ዝም ስትል ግን ማርቆስ ጠዋት ጠዋት የሚለኝ ምርቃት ትዝ አለኝ።

«ቆይ» አልኳት። «ግቢያችሁ ውስጥ ከሆነ የምትተክሉት ውሰዱ፤ ልጆቹ የሚቀመጡበት አግዳሚም ጨምሩ። ወደ ሰፈር እንዳይወጣ። ለሻምበል እኔ እነግራለሁ።»

ሻምበል ተፈራ ዘንድ ስደውል ኔትወርኩ እምቢ አለ፤ በዚያ ሰሞን እንደልብ አይሠራም ነበር። ነገ በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎመን ስቀነጥስ ከመንገድ በኩል የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ነጠላዬን ያዝ አድርጌ ወጣሁ። ከታች በኩል ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ላይ ይጣደፋሉ። ቀና ብዬ ሳይ አረንጓዴው ሸራ በተቃጠለው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ቆሟል።

ድንኳኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደሰጠሁትም አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ሸራ ከዚያ ቦታ ቆሞ ሳየው ማርቆስ ሞተ ከማለት ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። ሌሊት አርፎ ይሆናል፣ ሻምበል ሰምተው ድንኳኑን ከዩኒቨርሲቲው አስመጥተውት ይሆናል አልኩ። ጥሩምባ ነፊው እንደሆነ፣ ግርግሩ ካለፈ ወዲህ በማለዳ የሚነፋ ነገር ሰው ያስደነግጣል ተብሎ ሥራውን አቁሟል። ለማወቅ የቀረን ምልክት ድንኳኑ ብቻ ነበር።

ሄጄ ገባሁ፤ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ ግማሽ ያህሉ ሞልቷል። አንዷ «ልጆቼን በዱቤ ያሳደገልኝ!» ትላለች። ሌላዋ «እንደዚያ ተቃጥሎ! እንደዚያ ተቃጥሎ!» እያለች ጉልበቷን ትመታለች። ሰፈሩ የሰነበተበት ዝምታ እዚያ ድንኳን ውስጥ ፈረሰ። እኔ አልጮኽኩም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ግን እንባ መያዝ አቃተው።

ከድንኳኑ ጥግ ሲሚንቶ የተሸከሙት ተማሪዎች ግራ ተጋብተው ቆመዋል። ያ ዳቦ በሻይ ያለኝ ልጅ ከአንዲት አልቃሽ አጠገብ ጎንበስ ብሎ «ማዘር፣ ማን ሞቶ ነው?» አላት።

«አንተ ድንኳን ተክለህ እኔን ትጠይቀኛለህ? ከየትኛው አገር ነው የመጣኸው?» አለችው በለቅሶዋ መሀል።

በዚህ ጊዜ ሻምበል ተፈራ ጋቢያቸውን እየደረቡ ደረሱ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እኔ የዕድሩ ዳኛ ነኝ! ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከል እንዴት አልሰማም? ወይዘሮ ዘነበች፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው። ለምን አልተነገረኝም?»

«እርስዎ ያዘዙ መስሎኝ» አልኩ።

«እኔ? እኔማ ድንኳኑን ከሩቅ አይቼ ነው የመጣሁት!»

እዚያ ላይ ተነስቼ ሰብለን ፈለግኳት። ከፍርስራሹ ውስጥ ሜትር ይዛ ወጣች፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው። ለቅሶውን እየሰማች ፊቷ ተለዋውጧል።

«ማርቆስ ማረፉን ማን ነገራችሁ?» አልኳት።

«አረፉ እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«ታዲያ ድንኳኑን እዚህ ማን አስተከለው?»

«እማማ፣ የግቢያችን ሜዳ ውኃ ቋጥሮ እንጨት አልይዝ ሲል ልጆቹ ሲሚንቶው እንዳይረጥብ ብለው እዚሁ ሥራው አጠገብ ተከሉት። ደግሞ ጥዋት ሴቶች መጥተው ሲያለቅሱ... የተቃጠለውን ቤት እያዩ የሚያለቅሱ መስሎን ነበር።»

ዘወር ብዬ ለሻምበል ልናገር ስል ባጃጅ መንገዱ ዳር ቆመ። አማረች ከሆስፒታል ተመልሳ ነው። ባዶውን ፔርሙዝ በብብቷ ይዛ ለሹፌሩ ስትከፍል ለቅሶውን ሰምታ ዞረች። ድንኳኑን አየች። በደጃፏ ላይ ነው። የሚያለቅሱት ጎረቤቶቿ ናቸው።

ፔርሙዙ ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። «አሁን አብልቼው ነው የመጣሁት» አለች፤ ለማንም አይደለም፣ እንዲሁ። «አሁን ነው ያበላሁት። መንገድ ላይ ሳለሁ ደወሉላችሁ?» ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

በሕይወቴ መንገድ ላይ ጮኼ አላውቅም። ባለቤቴን ስቀብር እንኳ ድምፄን ያሰማሁ አይመስለኝም። ያን ቀን ግን ጮኽኩ።

«አማረች! አልሞተም! ማንም አልሞተም! ድንኳኑ የሥራ ነው!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሰዉ ሁሉ እኔን አየኝ፤ ያበደች ሳይመስላቸው አልቀረም። እሷ አጠገብ ደርሼ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ዓይኔን እያየች «ይማሉልኝ እትዬ» አለችኝ። «እምላለሁ» አልኳት። አላመነችም። ስልኳን አውጥታ ድምፁን ወደ ውጭ ከፍታ ደወለች። ማርቆስ በእጁ መያዝ ስለማይችል አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ነው ስልኩን የሚይዝለት። መጀመሪያ ስልኩ አልተነሳም። ሁለተኛም አልተነሳም። ከድንኳኑ ሰዉ እየወጣ ከበበን።

በሦስተኛው ተነሳ። ድምፁ የተዘጋ ነበር፤ ግን የማርቆስ ነው። «አማረች? ደረስሽ?»

እሷ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ሻምበል ስልኩን ከእጇ ወሰዱ።

«ማርቆስ! አለህ?»

«አለሁ ሻምበል። ምነው? ልጆቹ ምን ሆኑ?»

«ልጆቹ ደህና ናቸው። እ... ድንኳን ተክለን ነበር።»

«ለማን?»

ሻምበል «ላንተ» አሉ።

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየ ድምፅ መጣ። «እኔ ሳልሰማ?» አለ። ከበው ከቆሙት አንድ ሁለቱ ሳቁ። ማርቆስ ግን ቀጥሎ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦

«ሰው መጣ እንዴ?»

ያ ጥያቄ ሳቁን አቆመው። ሻምበል ስልኩን አጠገባቸው ላለችው ሴት ሰጧት። «እኔ አለሁ፣ ጌጤ ነኝ፣ የታችኛዋ» አለች። ለቀጣዩ ሰጠች። «ግርማ ነኝ፣ አለሁ።» ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም ስሙን እየጠራ አለሁ አለ። ሌላ የሚባል አልነበረም። እኔ ጋ ሲደርስ «ዘነበች ነኝ» አልኩ፤ «አለሁ» የምትለዋ አልወጣ አለችኝ። እሱ ግን «እትዬ ዘነበች? እርስዎም ወጡ?» አለ፤ መገረሙ ይሰማል።

አማረችን ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጥናት። ውኃ ጠጣች። ጭቃውን ከቀሚሷ እያራገፈች ወደ እኔ ዞረችና ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለች፦

«ለሞቱ እንዲህ ከወጣችሁ ለቁሙ የት ነበራችሁ?»

ሻምበል ወደ መሬት አዩ። መልስ የሚጠበቀው ከእኔ ነበር፤ የጠየቀችኝ እኔን ነው።

«የምንለው ጠፍቶን ነው አማረች» አልኩ።

«ዝም ብላችሁ ብትመጡስ?» አለችኝ። «እኔ ወሬ መቼ አማረኝ? በሩ ሲንኳኳ መስማት ነው ያማረኝ።»

አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ሰብለ ተማሪዎቿን ሰብስባ ድንኳኑን እናንሳ ስትል ሻምበል ቆጣ አሉ። «ማን አለሽ? የዕድሩ ድንኳን አንዴ ከተተከለ ሦስት ቀን ይቆማል። ደንብ ነው!»

«ሻምበል፣ ሟች የለም እኮ» አለቻቸው አንዷ።

«ደንቡ ሟች ይኑር አይልም። ሦስት ቀን ነው የሚለው» አሉ፣ ፊታቸውን አኮሳትረው። ደንቡ እንደዚያ ይበል አይበል የጠየቀ አልነበረም።

ስለዚህ እንደ ለቅሶ ቤት ሆነ። ሴቶቹ እንደ ደንቡ ተራ ይዘው ምሳ አመጡ፤ የሚበላው ግን ተማሪውም፣ አስተማሪዋም፣ ጎረቤቱም ነው። ከዩኒቨርሲቲው ካፌ በትልልቅ ድስት ወጥ መጣ፤ ሴቶቹ ቀምሰው «ጨው የላችሁም እንዴ እዚያ ላይ?» እያሉ ተማሪዎቹን ያሾፉባቸዋል። ወንዶቹ መጀመሪያ ተቀምጠው ያዩ ነበር። በኋላ አንዱ ተነስቶ ብሎኬት ሲያቀብል ሌላውም ተነሳ። ሰብለ ከቆመው ግድግዳ የትኛው መፍረስ፣ የትኛው መትረፍ እንዳለበት በኖራ ምልክት አደረገች። አማረች ልጆቿን ከጎኗ አድርጋ ተቀምጣ ታያለች። ስለ መሄዷ አልተናገረችም፤ እኛም ለመጠየቅ ፈራን። ዕቃዋ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ መኖሩን ግን ሁላችንም አይተናል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አይሱዙው መጣ። ሹፌሩ ወርዶ «የሆሳዕና ዕቃ የት ነው?» ሲል ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አማረች ዞረ። ሻምበል ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ እጄን አንስቼ ዝም እንዲሉ አደረግኳቸው። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም። አማረች ተነስታ ወደ በረንዳው ሄደች። ዕቃዋ አጠገብ ቆመች። ወደ ተቆፈረው መሠረት፣ ከመንገዱ ዳር ወደ ተከመረው ጥቁር ፍርስራሽ አየች።

«ወንድሜ» አለችው ሹፌሩን፣ «ኪራዩን ከፍያለሁ አይደል?»

«ግማሹን ከፍለሻል።»

«እንግዲያውስ ሆሳዕና አትሄድም። ይህን የከሰለ ነገር ጭነህ ከደጄ አንሳልኝ።»

ሹፌሩ «እኔ የቤት ዕቃ ነው የተባልኩት!» ብሎ ሲያጉረመርም ያ ቀልደኛ ተማሪ አካፋውን ይዞ አይሱዙው ላይ ዘሎ ወጥቶ ነበር። ጎረቤቱ ተከተለው። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም «ደግ አደረግሽ» አላላትም። ሁላችንም አካፋና እጅ ሆንን። እኔም በእርጅና አቅሜ የተሰባበረ ብሎኬት አቀብያለሁ። አማረች የዳቦ መጋገሪያው የቆመበትን ቦታ ለሰብለ እያሳየች «በሩ ወደዚህ ይዙር፣ ጭሱ ልጆቹን ያስላቸው ነበር» ስትላት ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው መቅረቷን ያመንኩት።

ማርቆስ ወራት ቆይቶ ወጣ። የግራ እጁ ጣቶች እንደ ድሮው አይታጠፉም፤ ሊጡን አሁን የምታቦካው አማረች ናት፣ እሱ ይሸጣል። ያን ቀን ያልመጣ ጎረቤት ዳቦ ሊገዛ ሲመጣ «አንተ በለቅሶዬ አላየሁህም» እያለ ያሳፍረዋል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን ግማሹን ከምሩ ይመስለኛል።

አንባቢዎቼ፣ የዩኒቨርሲቲው ልጆች የሠሩት ቤት ቆሟል፤ ለእሱ ምስጋና ይገባቸዋል። እኔን የለወጠኝ ግን ያልታሰበው ነው። የዚያ ሸራ ስህተት ባይኖር ኖሮ ልጆቹ ዳቦ ቤቱን ይጨርሱ ነበር፤ አማረች ግን ሄዳ አዲስ ባዶ ቤት ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ብሎኬት የሚያቀብል እጅ ዩኒቨርሲቲው ነበረው። «አለሁ» የሚል ጎረቤት ግን ከየትም ሊያመጣላት አይችልም። ያንን መስጠት የምንችለው እኛ ብቻ ነበርን፤ እኛ ደግሞ ትክክለኛውን ቃል እየፈለግን ተቀምጠን ነበር። እናንተም በምትኖሩበት መንደር እንዲህ ያለ የተዘጋ በር ይኖር ይሆናል። እኔ እንኳ፣ ቃል የማይሆንልኝ ሰው፣ ቃል ሳገኝ እሄዳለሁ ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር ከታችኛው መንገድ ላይ ከክፍለ ሀገር ተፈናቅለው የመጡ እናትና ልጅ ቤት ተከራይተው ገቡ። ምን እንደደረሰባቸው ማንም አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁም። በሩን አንኳኳሁ። ሴትዮዋ ከፍታ አየችኝ። «ጎረቤት ነኝ» አልኳት። ወንበር አልነበራትም፤ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ከፊቴ ተቀመጠች። የምላት አልነበረኝም፣ እሷም የምትለኝ አልነበራትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ ረጅም ሰዓት ተቀመጥን። ልሄድ ስነሳ እስከ በር ሸኘችኝ።

«ነገም ይመጣሉ?» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት።